አንድ ሶፍ እንጂ አንድ ዓይነት አይደለንም



ባለፈው ሴሚስተር ዶርማችን ውስጥ አንድ የልጆች መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። «ኢንጂነሪንግ እየተማራችሁ የልጆች ተረት?» ብለው የሳቁብን አሉ። «በዚህ ጊዜ ሒፍዛችሁን ብትደግሙ አይሻልም?» ያሉንም አሉ፤ እነሱ እንኳ አልተሳሳቱም። ይሁንና መጽሐፉ ስለ ራሳችን ጀመዓ ጥያቄ አስነሳብንና ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

መጽሐፉ የአሜሪካዊቷ ማደሊን ሌንግል «ኤ ሪንክል ኢን ታይም» ነው። ከሃያ በላይ አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1962 ታትሞ በቀጣዩ ዓመት የኒውበሪ ሽልማትን አገኘ። ባለታሪኳ ሜግ መነጽር ያደረገች፣ ቁጡ፣ በሒሳብ ጎበዝ ሆና ሳለ መምህሮቿ እንደ ሰነፍ የሚያዩዋት ልጅ ናት። የፊዚክስ ሊቅ አባቷ የት እንደገባ አይታወቅም፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ሚስቱን ጥሎ ሄደ እያለ ያማል። (አባቱ ዓረብ አገር ሄዶ ድምፁ የጠፋበት ልጅ ይህን ክፍል ለብቻው ሆኖ ቢያነበው ይሻላል።) ሜግ ከትንሹ ወንድሟ ከቻርልስ ዋላስና ከጓደኛቸው ከካልቪን ጋር አባቷን ፍለጋ ወደ ሌላ ፕላኔት ትሄዳለች። የሚጓዙት በ«ቴሰራክት» ነው፦ ጉንዳን የተዘረጋን ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ከምታቋርጥ፣ ጨርቁን አጥፎ ሁለቱን ዳር እንደማገናኘት። እንደ ፊዚክስ ብዙ አያስኬድም፤ እንደ ምሳሌ ግን ግሩም ነው። የሚመሯቸውን ሦስት ፍጡራን ካልቪን መላእክት ይላቸዋል፤ ደራሲዋ ክርስቲያን ናትና የእኛን ዐቂዳ ከእርሷ አንጠብቅም።

ቁም ነገሩ ያለው ካማዞትዝ በምትባለው ፕላኔት ላይ ነው። እዚያ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። በየደጃፉ ልጆች ኳስ ያነጥራሉ፤ የሁሉም ኳስ እኩል ይነሳል፣ እኩል መሬት ይመታል። አንድ ልጅ ብቻ ምቱን ስቶ ኳሱ ያመልጠዋል፤ እናቱ በድንጋጤ ጎትታ ታስገባዋለች። በኋላ ያው ልጅ እየተሰቃየ በትክክል ማንጠር ሲማር እናየዋለን። ሁሉን የሚገዛው «ኢት» የሚባል አንጎል ነው። ሜግ ልትሸነፍ ስትል የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ መጥራት ትጀምራለች፤ ሠንጠረዡ ግን ራሱ ምት አለው፣ ይስባታል። ያኔ አባቷ የ5ን ስኩዌር ሩት ይጠይቃታል፤ 2.236 ብሎ ጀምሮ የማያልቅ፣ የማይደጋገም ቁጥር። እኛ ካልኩሌተር ተጭነን የምናልፈው ነገር ሰው ሲያድን ማየት ደስ ይላል።

ከመካከላችን የላስታ ልጆች አለን። ኤለመንታሪ ሳለን ከክፍል ጓደኞቻችን ጋር ነአኩቶ ለአብን ጎብኝተናል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ ከታች በተቀመጡ የድንጋይ ገበታዎች ይጠራቀማል፤ ለክርስቲያን ጓደኞቻችን ጠበል ነው። እኛ ጥቂት ሙስሊም ልጆች ወደ ጎን ቆመን ጠብታዎቹን ስንቆጥር አንዱም ከሌላው ጋር አልገጠመም። መድረሳም እንዲሁ ነበር። ሁላችንም ጮክ ብለን እንቀራለን፣ ግን እያንዳንዱ የራሱን ሉሕ ነው የሚቀራው፤ አንዱ አሊፍ ባ ላይ፣ ሌላው ዐምማ ጁዝ ላይ። በአርጩሜ ምት እኩል የጮኽነው የማባዛት ሠንጠረዥን ነው፤ እሱ ደግሞ መንግሥት ትምህርት ቤት ነበር።

ታዲያ ሶፋችንስ? ከውጭ ያየን ሰው «እናንተም አብራችሁ ታጎነብሳላችሁ፣ አብራችሁ ትነሳላችሁ» ሊለን ይችላል። ነገር ግን ኢማሙ ሲሳሳት ከኋላው ያለ ሰው፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ቢሆን፣ «ሱብሓነላህ» ብሎ ያስታውሰዋል። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ ይሰግዳል። ሱጁድ ላይ እያንዳንዱ የየራሱን ዱዓ ያደርጋል። ወሎ ውስጥ ሻፊዒውና ሐነፊው ጎን ለጎን ኖረዋል። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 13ም ሕዝቦችና ጎሳዎች የሆንነው እንድንተዋወቅ መሆኑን ያስተምረናል። ኢትን ግን የሚያርመው የለም። ሜግ እኩል መሆንና አንድ ዓይነት መሆን ይለያያሉ ብላ የጮኸችበትም ለዚህ ነው።

ይህን የምንለው ለመመጻደቅ አይደለም። ዘንድሮ አንድ ፍሬሽ ወንድማችን ሐለቃ ላይ እጁን አወጣ። ፊዚክስ ላይ ጊዜ እንደ ፍጥነቱ እንደሚለያይ ተምሯል፤ ስለ ኢስራእና ሚዕራጅ ሲያስብ ይህ እየመጣበት ነው፤ እንዴት ይረዳው? «ወስዋስ ነው፣ አዑዙ ቢላህ በል» አልነው። ያልነው እኛ ነን፤ ኡስታዛችን ገና አፋቸውን አልከፈቱም ነበር። ሚዕራጅ ሙዕጂዛ ነው፣ የአንስታይንን ቀመር አይጠብቅም። ይህን ቀስ ብለን ብንነግረውና የሚከብደውን ብንሰማው ምን ነበረበት? እኛ ግን ኳሱ እንዳመለጠው ልጅ ቆጠርነው።

ሜግ ወንድሟን ከኢት ያስጣለችው ተከራክራ አይደለም፤ እንደምትወደው ደጋግማ ነግራው ነው። የእኛ ወንድም አሁንም ለመግሪብ ይመጣል፤ ሶፉ ላይ ከጎናችን ይቆማል። ሐለቃው ሲጀመር ግን ጫማውን ያነሳል።