ደጋፊነት አይወርድም፣ ይወረሳል

«በዲኤስቲቪ ይታይ የለ እንዴ? ታዲያ ምን ጎደለ?»

የሊጋችን ጨዋታዎች ለምን ከክለቦቹ ከተማ ውጭ እንደሚካሄዱ ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ ይሄ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለምን ለዓመታት ተዘግቶ እንደቆየ ስንጠይቅም ያው ነው። ብሔራዊ ቡድኑ «በሜዳው» ተብሎ ሞሮኮ ሲጫወትም ያው። ጥያቄያችን ስለ ምስል ቢሆን ኖሮ ደህና መልስ ነበር። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ዛሬ አስር ዓመት የሞላው የሶዶ ወይም የአዲስ አበባ ልጅ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ «ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም የገባሁት ከእገሌ ጋር ነው» ብሎ የሚጀምረው ወሬ ይኖረዋል ወይ?

«ናፍቆት ነው፣ ተወው» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ናፍቆቱን እንመርምረው። የመጀመሪያ ጨዋታውን የሚያወራ ደጋፊ አጋጥሟችሁ ከሆነ አስታውሱ። ወሬው ከጎል አይጀምርም። ማን ይዞት እንደሄደ፣ በየትኛው በር እንደገቡ፣ ካታንጋ ይሁን ሚስማር ተራ የት እንደተቀመጡ፣ ምን እየበሉ እንዳዩ ነው የሚነግራችሁ። ውጤቱን ብዙ ጊዜ ይስተዋል። ይዞት የሄደውን ሰው ግን አይስትም።

ይሄ የእኛ ጠባይ ብቻ አይደለም። አርሰናሎች፣ ይህቺ ለእናንተ ናት፦ እንግሊዛዊው ደራሲ ኒክ ሆርንቢ በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ፊቨር ፒች» የተባለ መጽሐፍ አለ። ሆርንቢ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ እናትና አባቱ ተለያይተዋል፤ በ1968 እ.ኤ.አ. አባትየው ሃይበሪ ይዞት ሄዶ አርሰናል ስቶክ ሲቲን 1 ለ 0 ሲያሸንፍ ያያል። ሆርንቢ ስለዚያ ቀን ሲጽፍ ከጨዋታው ይልቅ ልቡን የያዘው በዙሪያው ያለው ሕዝብ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን አርሰናል ሆነ። እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን የምንቀናበት የእንግሊዝ ደጋፊነት የተሠራው እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው አንድን ልጅ እጁን ይዞ በር ሲያስገባው።

የኔ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ነበር። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ሱዳንን አዲስ አበባ የተቀበልንበት ቀን። አጎቴ ነው ይዞኝ የሄደው። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አገቡ፣ 2 ለ 0 አለቀ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ጎሎች በደንብ ያየኋቸው በኋላ ዩቲዩብ ላይ ነው። ሜዳ ውስጥ ያየሁት የፊት ለፊቴን ሰውዬ ጀርባ ነው። ጎሉን ያወቅሁት እግሬ ስር ሲሚንቶው ሲንቀጠቀጥ ነው። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ጭንቅላቴን ይዞ ሲስመኝ፣ አጎቴ ደግሞ፣ ቤተሰብ ሲቀበር እንኳ ሲያለቅስ ያላየሁት ሰው፣ ፊቱን በባንዲራ ሲጠርግ አይቻለሁ። ይሄን የትኛው ካሜራ ነው የሚያሳየኝ?

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ስለዚህ ስለ ስክሪን ክፉ የማወራ ሰው አይደለሁም። ግን ስትሪም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዳታው ወደ አንተ ይመጣል፣ ከአንተ ወደ ሜዳው የሚሄድ ነገር የለም። ብታጠፋው ተጫዋቹ አያውቅም። ስታዲየም ውስጥ ግን ፉጨትህ የተመላላሹ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ዝምታህም ጭምር። ጨዋታን ማውረድ ይቻላል። ደጋፊነት ግን አይወርድም፣ ይወረሳል። የሚወረሰው ደግሞ ቦታ ላይ ነው።

ቦታው ምን ሆነ? ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ። በዚያው ዓመት ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ተሰብስበው ለተወሰኑ ሳምንታት የሚጫወቱበት፣ ከዚያ ተጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ የሚሄዱበት አሠራር መጣ። ምክንያት አልነበረውም አልልም። ኮሮና ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሜዳዎቻችን የብሔር ፀብ መወጫ ሆነው ጨዋታ ተቋርጧል፣ ሰው ተጎድቷል። ካሜራና ባለሙያ በየከተማው ማዞርም ወጪ ነው። ይገባኛል። የማይገባኝ የአንድ ዓመት መላ ለዓመታት ሥርዓት ሆኖ ሲቀጥል ማንም አለመጨነቁ ነው።

ምክንያቱም ውጤቱ ይሄ ነው፦ የሶዶ ልጅ ወላይታ ድቻን የሚያየው አርሰናልን በሚያይበት በዚያው ስክሪን ሆነ። በአንድ ሪሞት፣ በአንድ ቤት፣ አንዳንዴም በአንድ ሰዓት። እስቲ ማን ያሸንፋል? ሣሩ፣ ካሜራው፣ ፍጥነቱ፣ ሁሉም ከዚያ ወገን ነው። የአገር ቤት ክለብ አርሰናልን የሚበልጥበት አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ ቅርብ መሆኑ። በእግር የሚደረስበት፣ በረኛው ስሙ ሲጠራ ዞር የሚልበት። ያንን ቀምተነው ስናበቃ «ወጣቱ የራሱን ሊግ አይወድም» ብለን እንገረማለን። ምን ሰጥተነው ነው የሚወደው?

ብሔራዊ ቡድኑ ደግሞ ይብሳል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ናቸው ያገቡት። በመዝገቡ ላይ «የሜዳችን» ጨዋታ ነው። የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ የካፍን መመዘኛ የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን። ጥር 13 ቀን 1954 በዚሁ ከተማችን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ስታዲየም ውስጥ የነበሩ ልጆች ዛሬ አያቶች ናቸው፣ ስትጠይቃቸው ዓይናቸው ይበራል። የሊሎንግዌውን ድል እንዲህ የሚያወራ የአዲስ አበባ ልጅ ከየት ይመጣል?

«አደይ አበባ እስኪያልቅ ታገሡ» ይባላል። ግንባታው ከተጀመረበት ከ2008 ጀምሮ ስንታገሥ ኖረናል። ኢንጂነሪንግ ተምሬያለሁ፣ ፕሮጀክት እንደሚዘገይ አይጠፋኝም። ግን የካፍ ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ለኢንተርናሽናል ጨዋታ ነው። አንድ ልጅ የሰፈሩን ክለብ ለማየት የሚያስፈልገው ደህና ሜዳ፣ አጥር፣ ሽንት ቤትና ሥነ ሥርዓት የሚያስከብር ሰው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ፤ ይሄኛውን አከብረዋለሁ። «የድሮው ስታዲየም ገነት ነበር እንዴ? ስድቡስ? ሴት ልጅ በሰላም ትገባ ነበር?» አልነበረም። አጎቴ እኔን ይዞ ሲሄድ ታላቅ እህቴን ልውሰድ ብሎ ማንም አላሰበም፤ እሷ ግን ከኔ በላይ ኳስ ትወድ ነበር። ስለዚህ እሷ የመጀመሪያ ጨዋታ የላትም። ይሄ ግን በሩን ለመዝጋት ምክንያት ነው ወይስ በደንብ ለመክፈት?

የኢራን ሴቶችን እዩ። ለአሥርት ዓመታት የወንዶች ጨዋታ ስታዲየም ገብተው እንዳያዩ ተከልክለዋል። ቴሌቪዥን ግን ነበራቸው፤ «ይታይ የለ እንዴ?» ማለት ለእነሱም ይቻል ነበር። ወንድ መስለው፣ ፂም ለጥፈው ለመግባት የሞከሩ አሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. ሰሃር ኮዳያሪ የተባለች ደጋፊ ስታዲየም ለመግባት በመሞከሯ ተከስሳ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ራሷን አቃጥላ ሞተች። በሚቀጥለው ወር ሴቶች ቲኬት ገዝተው አዛዲ ስታዲየም ገቡ፤ ኢራን ካምቦዲያን 14 ለ 0 አሸነፈች። ከካምቦዲያ ጋር የሚደረግ ጨዋታ ማንን ያጓጓል? እነሱ ግን እያለቀሱ ነበር የገቡት። እስቲ ለእነዚያ ሴቶች «በቲቪ ያው ነው» በሏቸው።

ስለዚህ የምጠይቀው ተዓምር አይደለም። ክለቦች በራሳቸው ከተማ ይጫወቱ፤ ሁሉም ሜዳ ዛሬ ካልደረሰ፣ የደረሰበት ይጀመር። ለቤተሰብ የተለየ ቦታ ይኑር፣ ከአዋቂ ጋር የመጣ ሕፃን በነፃ ይግባ። የሚሳደብና የሚደባደብ ሰው ይውጣ እንጂ ሕዝቡ በሙሉ አይቀጣ። የፌዴሬሽንና የሊግ ሰዎች ይህን ማድረግ ካልቻሉ «ደጋፊ ጠፋ» እያሉ በየመግለጫው አያልቅሱብን።

እኛም ዝም ብለን አንጠብቅ። ከፍተኛ ሊጉ አለ፣ የሴቶች ሊግ አለ፣ የወረዳ ውድድር አለ፤ ሰው የለበትም እንጂ ጨዋታው አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንቼን ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት ከመግባታችሁ በፊት፣ ጠዋት አንድ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ይዛችሁ ቅርባችሁ ያለ ሜዳ ሂዱ። ጨዋታው ሊያስጠላችሁ ይችላል። ልጁ ግን ጨዋታውን አይደለም የሚያስታውሰው። እናንተን ነው።