ገበሬውን ከመክሰሳችን በፊት አፈሩን እንጠይቅ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 2025) በአፋር፣ ከኤርታ አሌ አቅራቢያ የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ተመዝግቦ የማያውቅ ተራራ ነው። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በየመንና በኦማን ላይ አልፎ እስከ ፓኪስታንና ህንድ ደረሰ። በማግሥቱ ከህንድ ወደ አቡ ዳቢ ይበር የነበረ አንድ አውሮፕላን አሕመዳባድ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ፤ ሌሎችም በረራዎች ተሰረዙ። እዚህ አቡ ዳቢና አል አይን የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አብዛኞቻችን ነገሩን የሰማነው እንደ በረራ ወሬ ነው። ተሳሳቅንበትም። አመድ በለበሰ ግጦሽ ላይ ከብቱን ይዞ የቆመው የአፍዴራ አርብቶ አደር ግን የሚስቅበት ነገር አልነበረውም።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ልናነሣው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ ብለን እናምናለን። ይኸውም አመድ ምስክር መሆኑ ነው። አንድ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሚበትነው ብናኝ አብዛኛው ደቃቅ የብርጭቆ ስብርባሪ ነው። በውስጡ ያለው የሲሊካ፣ የብረት፣ የፖታሲየም መጠን ከፍንዳታ ፍንዳታ ስለሚለያይ፣ እንደ ጣት አሻራ ሆኖ የመጣበትን ተራራ ያጋልጣል። በሰፊ አገር ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚወርድ፣ እጅግ ተራርቀው የሚገኙ ሁለት የአፈር ቁልሎች አንድ ዓይነት አመድ ከተገኘባቸው፣ በዚያ ንጣፍ ላይ ዕድሜያቸው አንድ ነው ማለት ነው። በሐዳር ሲዲ ሐኮማ የሚባለው የ3.4 ሚሊዮን ዓመት አመድ በቱርካና ሐይቅ አካባቢም፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ተቆፍሮ በወጣ ደለልም ውስጥ ተገኝቷል። የሀገራችን አመድ ባሕር ሲሻገር የኅዳሩ የመጀመሪያው አልነበረም ማለት ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የሰው ቅሪትም እንዲሁ ነው። ከበላዩ የተኛው ወፍራም አመድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከሻላ እንደ መጣ በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሲታወቅ፣ የቅሪቱ ዕድሜ ቢያንስ 230,000 ዓመት መሆኑ ተገለጠ። ከጥናቱ ባለቤቶች አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራት ናቸው።

አመድ ከእኛ ብቻ አይሄድም፤ ወደ እኛም ይመጣል። በመተማ ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ ከሱማትራው ከቶባ ተራራ የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ የተበተነ፣ በዓይን የማይታይ የብርጭቆ ብናኝ ተገኝቷል። ይህም በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። በዚያው ንጣፍ የተገኘው የሰጎን እንቁላል ቅርፊት አየሩ መድረቁን ይናገራል፤ የዓሣው አጥንት ደግሞ ሰዎቹ ወንዙ በየኩሬው ሲቆራረጥ ዓሣ እያጠመዱ ድርቁን እንደ ተወጡት ያሳያል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ አመዱ ቀኑን ይነግረናል እንጂ ታሪኩ ያለው ከበላዩና ከበታቹ ባለው አፈር ነው።

የምንማርበትም አገር ይህን ያውቃል። በአቡ ዳቢ አል ወትባ፣ ቅዳሜና እሑድ ፎቶግራፍ የምንነሣባቸው ድንጋይ የሆኑ የአሸዋ ክምሮች፣ አሸዋውን በኖራ ያጣበቀው የከርሰ ምድር ውሃ ምስክሮች ናቸው። እዚሁ አል አይን፣ በጀበል ሐፊት ግርጌ የ5,000 ዓመት መቃብሮች አሉ፤ በሂሊ ደግሞ 3,000 ዓመት ገደማ የሆነው ፈለጅ፣ ማለትም ውሃን ከምድር በታች ስቦ የሚያመጣው ቦይ ተቆፍሮ ወጥቷል። አየሩ እየደረቀ ሲሄድ ሰው ውሃን ከመሬት ውስጥ ማሳደድ እንደ ጀመረ የታወቀው ንጣፉን በንጣፍ በመግለጥ ነው። ቦታዎቹ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል።

የእኛ ሐዳርና የታችኛው ኦሞም ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ መዝገብ አሉ። ስለዚህ ጉድለታችን የመዝገብ አይደለም። ጉድለታችን የሚሊዮን ዓመቱን አጥንት ስናደንቅ ከላይ ያለውን፣ ገበሬው የሚያርሰውን የሁለትና የሦስት ሺህ ዓመት አፈር መርሳታችን ነው።

«ከመቶ ዓመት በፊት ከሀገራችን መሬት 40 ከመቶው ደን ነበር» የሚለውን ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ? በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በመንግሥትና በእርዳታ ድርጅቶች ሰነዶች አንብበነዋል፤ አንዳንዶቻችንም በመመረቂያ ጽሑፋችን መግቢያ ላይ ገልብጠነዋል። ደኑን ማን በላው ሲባል መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ ገበሬው! የታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ማካን በ1997 እ.ኤ.አ. ይህ አኃዝ በልኬት ላይ የቆመ ሳይሆን ከሰነድ ወደ ሰነድ ሲገለበጥ የኖረ መሆኑን አሳይቷል። ከዓፄ ቴዎድሮስ ጋር ሊዋጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. በሰሜን ያነሣቸው ፎቶግራፎች ዛሬ ከየቦታቸው ጋር ሲተያዩ፣ ያኔ መሬቱ ከአሁኑ ይልቅ የተራቆተ የነበረበት ስፍራ ብዙ ነው።

የወሎው የሐይቅ ሐይቅና የጎረቤቱ የሐርዲቦ ምስክርነት ደግሞ ከዚህም ይጠልቃል። ሟቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ መሐመድ ዑመር ከሁለት የውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር የሐይቆቹን ጭቃ በቀጭን ቧንቧ አውጥተው፣ በየንጣፉ የተቀበረውን የአበባ ዱቄትና የከሰል ብናኝ ቆጠሩ። በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል። የዝግባውና የጥዱ ደን የተመነጠረው በ500 ዓመተ ዓለም ገደማ ነው፤ በምትኩ ክትክታና ሣር ለ1,800 ዓመታት ያህል ነገሠ። ከዚያም ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጥዱ ከወይራው ጋር ተመልሶ መጣ፤ በኋላም እንደ ገና ተመነጠረ። የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት ከዳር ሆነው ብራና ሲጽፉ፣ ሐይቁም ከሥር የራሱን ይጽፍ ነበር። ከዚያ ጽሑፍ የምናነበው አንድ ትውልድ የጨረሰውን ደን ሳይሆን ሲሄድና ሲመለስ የኖረን ደን ነው።

ይህን ስንል አፈራችን አይታጠብም፣ ዳገቱ አልተራቆተም ማለታችን አይደለም። በክረምት የዓባይን ቀለም ያየ እንዲህ ሊል አይችልም። የምንለው፣ በሽታው በቅጡ ሳይመረመር የታዘዘ መድኃኒት ገበሬውን ጎድቶታል ነው። ከ1977ቱ ረሀብ በኋላ ገበሬው በትእዛዝ እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ፣ ከከለለው ተራራ ግጦሽ ተከለከለ፤ ዛፉ የማን እንደሆነ ግን የነገረው አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ በብዙ ቦታ ያንኑ ዛፍ ቆረጠው፣ እርከኑንም አፈረሰው። ድንቁርና ነው ተባለ። በእኛ ግምት ግን ያለ ፍርድ የተቀጣ ሰው መልስ ነበር።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉት ተማሪዎች፣ ቀጥሎም በየባሕር ማዶው ማኅበር መጽሔት ያስተጋቡት፣ መሬቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። መሬቱ ራሱ ሲሆን የኖረውን ግን እነሱም አልጠየቁ፤ እኛም እስካሁን አልጠየቅንም። ከመካከላችን የነዳጅ ምሕንድስና የሚማር የደለል ድርድር ማንበብ ይማራል፤ ኬሚስትሪ የሚማር የብርጭቆን ቅንብር የሚለካ መሣሪያ አጠገብ ይውላል። ያው ዕውቀት ለሽንፋም ለሐይቅም ይሠራል። ነዳጅ ተምሮ ደመወዝ የሚያገኝን ወገን አንነቅፍም፤ ሁላችንም የምንረዳው ቤተሰብ አለን። ነገር ግን ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ የሚፈልግ ሁሉ የግድ የባሕረ ሰላጤውን ጉድጓድ ይምረጥ ያለው ማን ነው?

የሃይሊ ጉቢ አመድ ነፋስና ጎርፍ ሳይወስደው ውፍረቱ በየቦታው መለካት አለበት፤ ለሚመጡት መቶ ዓመታት በዚያ አገር አፈር ውስጥ 2018 ዓ.ም.ን የሚያመለክት መስመር እሱ ነው። በእረፍት ወደ አፋር ወይም ወደ ወሎ የሚሄድ ወገን ካለ፣ መንገድ የቆረጠው ገደል ወይም ወንዝ የበላው ዳር ሲያይ ማስመሪያ አስደግፎ ፎቶግራፍ ያንሣልን፤ ቦታውንና የእያንዳንዱን ንጣፍ ቀለም ይጻፍልን። በዚያ መሬት ላይ ያረጁትን አዛውንትም፣ ዳገቱ በልጅነታቸው ምን ይመስል እንደነበር ይጠይቅልን። የሐይቁን ጥናት በአማርኛ አሳጥረን ለሚቀጥለው ስብሰባ እናቀርባለን፤ 40 ከመቶውን የሚያምኑትም መጥተው ይከራከሩን።