የባንክ ብድርና ሁለቱ ልጓሞች

ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ተነሥቶ ብድር ሊጠይቅ ባንክ የሄደ ሰው «ለጊዜው የሚበደር ገንዘብ የለም» ሲባል፣ በሌላው መስኮት ብር ሲቈጠር እያየ ቢቈጣ አይፈረድበትም። ግን ቍጣው በማን ላይ እንደሚገባ እኛ ተማሪዎች ልናስረዳው ይገባል።

ሕዝቡ ባንክን እንደ ጐተራ ያስበዋል። ባንክ ግን ሲያበድር የብድሩን ልክ በተበዳሪው ሒሳብ ላይ ይጽፍለታል፤ ያ ጽሑፍ ራሱ ገንዘብ ነው። እንዳሻው እንዳይጽፍ ብሔራዊ ባንክ ከተቀማጩ የተወሰነውን እጅ እኔ ዘንድ አኑር ይለዋል። ይህ መጠባበቂያ 10 በመቶ ቢሆን፣ ከ100 ብር ተቀማጭ 90 ማበደር ይቻላል፤ 90ው ተመልሶ ባንክ ሲገባ ደግሞ 81። እንዲህ እያለ ተቀማጩ በጠቅላላው ቢበዛ 1,000 ብር ይደርሳል። በ5 በመቶ 2,000፣ በ15 በመቶ 667 ገደማ ይሆናል። (ይህ ጣሪያው ነው፤ ሰው ብሩን በመቀነቱ ከቋጠረ ከዚያ በታች ይቀራል።)

በአገራችን ኑሮ ሲወደድ መጠባበቂያው በ1999 ዓ.ም. ከ5 ወደ 10፣ በ2000 ዓ.ም. ወደ 15 በመቶ ወጣ። በ2004 ወደ 10፣ በ2005 ወደ 5 ተመለሰ። በዚህ ቅር አልሰኝም። ገንዘብ ሲበዛ የደመወዝተኛው እንጀራ ነው የሚያንሰው።

የምቃወመው ሁለተኛውን ልጓም ነው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ የመንግሥቱ ንግድ ባንክ ግን አይመለከተውም ነበር። እንግዲህ 100 ብር ለማበደር 127 ብር መፈለግ ነበረባቸው። ሰነዱ መጀመሪያ የሚከፍለው ወለድ 3 በመቶ ሲሆን፣ ባንኩ ለአስቀማጩ ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍል ነበር። መጠባበቂያ ገንዘቡን አስሮ ያስቀምጠዋል፤ ሰነዱ ግን በልማት ባንክ በኩል ለሌላ ተበዳሪ ያሻግረው ነበር። ይህን የዋጋ ንረት መከላከያ ማለት ስሙን መለወጥ ነው። መጠባበቂያው በ2005 ሲላላ እንኳ ሰነዱ እንዳለ ቈየ።

በነሐሴ 2015 ደግሞ የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ታዘዘ፤ ባንኩ ብዙ ተቀማጭ ቢሰበስብም ከዚያ ማለፍ አልቻለም።

ልጓም በጠበቀ ቍጥር ባንክ አስቀድሞ የሚመልሰው ለመያዣ የሚሆን ሕንፃ የሌለውን፣ የቡራዩን ብረት በያጅና የሱሉልታን ወተት ነጋዴ ነው። ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ ልጓሙን በሚያጠብቅበት ጊዜ ሁሉ፣ የቀረው ብድር ለማንና በየትኛው ከተማ እንደ ተሰጠ በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ያስታውቅ።