ከአስር ወደ ታች

«ሬስሊንግ እኮ የውሸት ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ መወሰኑን እኔም አውቃለሁ፤ የቴአትርም መጨረሻ ተጽፎ ነው መጋረጃው የሚከፈተው። እንዲህ የሚለኝን ሰው ሮያል ራምብልን አብረን እንድንመለከት እጋብዘዋለሁ።

ፈጣሪው የሞንትሪያሉ ተወላጅ ፓት ፓተርሰን ነው፤ ራሱ ታጋይ የነበረ፣ ኋላም ለውድድሩ አዘጋጅ ለቪንስ ማክማን ከመድረክ ጀርባ የሠራ ሰው። ሁለት ታጋዮች ይጀምራሉ፣ በየሁለት ደቂቃው ገደማ አንድ ይጨመራል፣ ከላይኛው ገመድ በላይ ተወርውሮ ሁለት እግሩ ወለል የነካ ይሰናበታል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1988 በካናዳዋ ሃሚልተን ሲካሄድ 20 ሰዎች ገብተው ጂም ደገን አሸነፈ። በኬብል ቴሌቪዥን ያለ ተጨማሪ ክፍያ የታየው በቸርነት አይደለም። የማክማን ተቀናቃኝ ጂም ክሮኬት የዚያኑ ምሽት ተመልካች ከፍሎ የሚያየው ውድድር ነበረው። በዓመቱ ታጋዮቹ 30 ሆኑ፤ ራምብሉም ራሱ የሚከፈልበት ሆኖ አረፈው።

እንደ እኔ የፓተርሰን ብልሃት ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። አዳራሹ ከአስር ወደ ታች ሲቆጥር መድረኩ ላይ የሚራገጡትን የሚያያቸው የለም፤ ዓይን ሁሉ በሩ ላይ ነው። ሪክ ፍሌር በ1992 ባለቤት ያጣውን የሻምፒዮና ቀበቶ ለመውሰድ ሦስተኛ ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ፤ እየለመነ፣ እየሸሸ፣ እየተደበደበ። ከዚያ የሚበልጥ ራምብል አላየሁም።

ከ1993 ጀምሮ አሸናፊው በዓመቱ ትልቁ ትዕይንት በሬስልማንያ ለቀበቶ ይጋጠማል። ሽልማቱ ክብደት ጨምሯል፤ ግምቱን ግን አቀለለው፤ ከ30ው ውስጥ ለዚያ መድረክ የሚታጩት ሦስት አራት ቢሆኑ ነው።

ደንቡ ግን አሁንም ጉድ ያሳያል። በ1995 ብሪቲሽ ቡልዶግ ያሸነፈ መስሎት ማዕዘን ላይ ወጥቶ ሲጨፍር፣ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ሾን ማይክልስ ከኋላው መጥቶ ገፈተረው። የማይክልስ አንድ እግር ብቻ ነበር ወለል የነካው። ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን ደግሞ በ2012 በእጆቹ ወለሉ ላይ ተራምዶ ተመለሰ።

በ2005 ድርሰቱም አልታዘዘም። መጨረሻ የቀሩት ባቲስታና ጆን ሲና እኩል ወደቁ። የተቆጣው ማክማን ወደ መድረኩ ሲንደረደር የሁለቱም ጭኖቹ ጡንቻ ተበጠሰና ቁጭ አለ፤ ቁጣውን የጨረሰው እንደተቀመጠ ነው። «የውሸት ነው» ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ነው።

ሴቶች የራሳቸውን ራምብል ያገኙት በ2018 ፊላደልፊያ ላይ ነው፤ ጃፓናዊቷ አሱካ አሸነፈች። ከሦስት ወር በኋላ ጅዳ ላይ 50 ወንዶች የገቡበት ሲዘጋጅ ግን ሴቶቹ አልተሰለፉም። ለነገሩ 50 ሰው ሲሆን ቆጠራውም ይሰለቻል፤ እኔስ 30ው ይበቃኛል።