ምንጩ ስንት ይፈስ ነበር?

በጉጂ ዞን ሻኪሶ አቅራቢያ የሚገኘው የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃድ በሕዝብ ተቃውሞ ምክንያት ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሲታገድ፣ ከሁሉ በላይ መነጋገሪያ የሆኑት ሳያናይድና ሌሎች ኬሚካሎች ነበሩ። ነዋሪዎች አካል ጉዳት ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናትና ስለሚሞቱ ከብቶች አቤት ሲሉ መነጋገሪያው ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር። ነገር ግን ውኃ ተመርዞ ብቻ ሳይሆን ጎድሎም ይጠፋል። የማዕድን ጉድጓድ ከከርሰ ምድር ውኃው ወለል በታች ሲወርድ እንዳይሞላ ሌት ተቀን በፓምፕ ይቀዳል፤ በዙሪያው ያለው ውኃም ወደዚያው ያዘነብላል። ምንጭ ማለት ይህ ወለል ከመሬት ገጽ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ፣ ወለሉ ጥቂት ሜትር ዝቅ ሲል የምንጩ ዓይን ይደርቃል። በፓምፕ የወጣው ውኃ ጅረት ውስጥ ከተለቀቀ ደግሞ ምንጩ እየነጠፈ ጅረቱ ይሞላል። ወንዙን ብቻ የለካ ሰው ጉዳቱን ጭራሽ አያየውም።

ኩባንያዎች ናሙና በየጊዜው ላቦራቶሪ እንደሚልኩ ይናገራሉ። ቢልኩም ስለ መጠኑ ካልተነገረ ስለ ጥራቱ የተነገረው ግማሽ ነው። በሊትር 1 ሚሊግራም ብክለት የያዘ ጅረት በሰከንድ 10 ሊትር ቢፈስ በቀን 864 ግራም ይሸከማል፤ 2 ሊትር ቢፈስ ግን 173 ግራም ገደማ ብቻ። የጠርሙሱ ውጤት በሁለቱም ቀን አንድ ነው። ምንጩን ያደረቀው ድርቅ እንጂ ማዕድኑ አይደለም የሚለው መከራከሪያ ከናሙናው ይልቅ ይከብዳል፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ለዚህም ነው ተመሳሳይ ዝናብ የሚያገኝ፣ ከማዕድኑ ርቆ ያለ ምንጭ ጎን ለጎን መለካት ያለበት። ሁለቱ አብረው ከቀነሱ ሰማዩን መጠየቅ ነው፤ የቅርቡ ብቻ ከቀነሰ ግን ጥያቄው ወደ ጉድጓዱ ይዞራል።

የመለካቱ ወጪ ብዙ ነው የሚል ካለ፣ ውኃው በአንድ ቦይ ከተሰበሰበ ጀሪካንና የሞባይል ሰዓት ይበቃሉ፤ 20 ሊትሩ በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል። ይህን በየወሩ መመዝገብ ከዚያው ምንጭ ውኃ የሚቀዱት እናቶችና ወጣቶች የሚችሉት ሥራ ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል፤ ወርሃዊው ልኬትም በቀበሌው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መሆን አለበት። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ቁፋሮው ሳይጀመር ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት፣ የዝናቡም የደረቁም ወራት ልኬት መያዙ ነው። ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ምንጩ ድሮ ስንት ይፈስ እንደነበር ተመልሶ የሚለካ መሣሪያ የለም።