የተበላሸው ዲስኩ ነው ወይስ የተዘለለው ማረጋገጫ?

አንድ ወዳጃችን የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ለወራት የሰበሰበውን የመስክ መረጃና ፎቶግራፍ በቤቱ ኮምፒዩተር ወደ ዲቪዲ ጻፈ። ፕሮግራሙም ሥራው በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን አበሠረው። ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር ዋናዎቹን ፋይሎች በዚያው ምሽት ሰረዛቸው። በማግስቱ ዲቪዲውን በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፍተው ግን የታየው ባዶ ዲስክ ነበር። በድንጋጤ ወደ አንድ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ይዞት ቢሄድ፣ ባለሙያው ዲስኩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ካየ በኋላ «ርካሽ ዲስክ ስለሆነ ነው፤ ጣለው» ብሎ መለሰለት። ወዳጃችንም ሊጥለው ምንም አልቀረውም ነበር። ዲስኩ ግን ፍጹም ጤነኛ ነበር። ምክንያቱን በኋላ እንመለስበታለን።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ታሪክ ያነሣነው ባለሙያውን ለመውቀስ አይደለም። በየቤታችን ኮምፒዩተር ሲያስቸግር የምንሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ስለሆነ ነው። ዲስክ አልጻፍ ሲል «ዲስኩ ነው»፣ ሁለተኛው ሲከሽፍ «ቫይረስ ነው»፣ ሦስተኛው ሲከሽፍ «ፎርማት ይደረግ» እንላለን። በእኛ እምነት ይህ ዓይነቱ ግምት በቤተ ሙከራ ውስጥ በኬሚስትሪ ተማሪ ላይ ብናየው የምናፍርበት ነው። በክፍል ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እየለዋወጡ መሞከርን ተምረን፣ በቤት ውስጥ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጠን «ተስተካከለ» ብንል የተማርነው ምኑ ላይ ነው?

እርግጥ ነው፣ «የዲስክ ዘመን አልፏል፤ ስለ እርሱ መጨነቅ ለምን?» የሚል ይኖራል። ዛሬ የሚገዛ አዲስ ላፕቶፕ የዲስክ ድራይቭ ያለው እምብዛም አይገኝም። ሶኒም ቢሆን መጻፍ የሚቻልባቸውን የብሉ ሬይ ዲስኮች ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2025 አቁሟል። ይሁን እንጂ የሠርግና የምረቃ ቪዲዮዎቻችን፣ በመደርደሪያ ላይ ያሉ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶች የተላኩ የቤተሰብ ሥዕሎች ዛሬም በዲስክ ላይ ናቸው። ድራይቩ ከገበያ እየጠፋ በሄደ መጠን ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ይሆናል እንጂ አይቀልም።

«ሲዲ በርን ማድረግ» የሚለው አነጋገር በዲስኩ ላይ እሳት የሚነድ ያስመስለዋል፤ ከእውነቱም እጅግ አይርቅም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ባዶ ዲስክ ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን፣ በላዩ ስስ የኦርጋኒክ ቀለም፣ ከቀለሙ በላይ ደግሞ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ስስ ብረት ተነጥፎበታል። መጻፊያው ለንባብ ከሚጠቀምበት በብዙ እጥፍ በበረታ የሌዘር ጨረር ቀለሙን በነጥብ በነጥብ ያሞቀዋል። የሞቀው ነጥብ ጠባዩ ስለሚለወጥ መልሶ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ይቀንሳል፤ በንባብ ጊዜ ደካማው ጨረር ይህን የብርሃን ልዩነት እየለየ መረጃውን ያወጣዋል። የሲዲው ሌዘር የሞገድ ርዝመት 780 ናኖሜትር፣ የዲቪዲው 650 ናኖሜትር ነው። በሲዲ ላይ ባለው ጠመዝማዛ መስመር አንዱ ዙር ከሌላው 1.6 ማይክሮሜትር ሲርቅ፣ በዲቪዲ ርቀቱ 0.74 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። በመሆኑም ሲዲን በሚገባ የሚጽፍ ድራይቭ በዲቪዲ ላይ ሲሰንፍ ብናይ ሊደንቀን አይገባም፤ ሁለቱ ሌዘሮች የተለያዩ ናቸውና አንዱ ሲደክም ሌላው ሊጸና ይችላል።

ከሁሉ የሚያስገርመን ግን መጻፊያው ራሱ ተመራማሪ መሆኑ ነው። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በዲስኩ ውስጠኛ ጠርዝ በኩል ለዚሁ በተከለለ ስፍራ የሌዘሩን ኃይል ከፍና ዝቅ እያደረገ ይጽፋል፤ የጻፈውንም አንብቦ ለዚያ ዲስክ የሚስማማውን ኃይል ይመርጣል። የሌዘር ኃይል ማስተካከል አልተቻለም የሚል መልእክት ብቅ ሲል ትርጉሙ ይህ ሙከራ ውጤት አላስገኘም ማለት ነው። ምክንያቱ የዲስኩ ጥራት፣ የሌንሱ አቧራ ወይም የሌዘሩ እርጅና ሊሆን ይችላል። ለመለየት ደግሞ ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም። ሁለት ዓይነት ዲስክና ሁለት መጻፊያ ይበቃል። ድራይቩን ሳንነካ ዲስኩን ብቻ እንለውጥ፤ ችግሩ ከዲስኩ ጋር ከሄደ ጥፋቱ የዲስኩ ነው፣ ከድራይቩ ጋር ከቀረ የድራይቩ ነው። አራት ሙከራ፣ ጥቂት ሳንቲም።

ሥራው መሐል ላይ ሲቋረጥ ወይም ሲንቀረፈፍ ግን ሌላ ነገር መጠርጠር ይገባል። ሲዲ በ1 እጥፍ ፍጥነት ሲጻፍ በሰኮንድ 150 ኪሎባይት ይቀበላል፤ በ52 እጥፍ ሲሆን 7,800 ኪሎባይት መሆኑ ነው። መጻፊያው መረጃውን የሚያቆይበት በፈር የሚባል ትንሽ ማከማቻ አለው። መጠኑ 2 ሜጋባይት ቢሆን በዚህ ፍጥነት ከሩብ ሰኮንድ እምብዛም ሳያልፍ ባዶውን ይቀራል። በቀድሞዎቹ መጻፊያዎች በፈሩ ባዶ ሆነ ማለት ዲስኩ ተበላሸ ማለት ነበር። ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2000 ይዞት የቀረበው ዘዴ ይህን ፈታው፤ መጻፊያው ቆም ብሎ ካቆመበት ነጥብ እንዲቀጥል አስቻለው። ዲስኩ ይዳን እንጂ የመረጃው መዘግየት ግን አልጠፋም።

አሁንም ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበትን አሮጌ ኮምፒዩተር የሚጠቀም አንባቢ ካለ አንድ የተደበቀ ምክንያት ልንጠቁመው እንወዳለን። ይህ ሲስተም ከድራይቩ ጋር በሚያደርገው ግንኙነት ስሕተቶች ሲደጋገሙ፣ ቁጥራቸው 6 ሲደርስ፣ የማስተላለፊያውን ፍጥነት በራሱ ዝቅ ያደርጋል። እንዲህ እያለ በመጨረሻ ዲኤምኤ ከሚባለው ፈጣን ስልት ፒአይኦ ወደሚባለው ዘገምተኛ ስልት ይወርዳል፤ ለባለቤቱም አይነግረውም። ፒአይኦ በወረቀት ላይ እንኳ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰኮንድ 16.7 ሜጋባይት ሲሆን፣ ዲቪዲን በ16 እጥፍ ለመጻፍ ግን 22 ሜጋባይት ያህል ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ጊዜ አሥር ዲስክ ቢቀያይሩ ለውጥ የለም። መፍትሔው በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብቶ ድራይቩ የተያያዘበትን ቻናል ማስወገድና ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሣት ነው፤ ኬብሉንም መመልከት አይከፋም።

በዩኤስቢ የሚያያዙት ተንቀሳቃሽ መጻፊያዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የዩኤስቢ 2.0 ሶኬት የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 500 ሚሊአምፒር ነው። ለማንበብ የበቃው ይህ ኃይል ሞተሩና ሌዘሩ በሚበረቱበት በጽሕፈት ጊዜ ሊያንስ ይችላል። ሲያነብ ደኅና የሆነ፣ ሊጽፍ ሲል የሚጠፋ መጻፊያ ካጋጠመን በመሐል ያለውን ማከፋፈያ አንስተን በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ ጋር እናያይዘው።

ቦታ አይበቃም የሚለው ቅሬታ ብዙ አያከራክርም። በዲቪዲ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው 4.7 ጊጋባይት በ1,000 እየተባዛ የተቆጠረ ነው። በ1,024 የሚቆጥረው ዊንዶውስ ግን 4.38 አካባቢ ያደርገዋል።

ስለ ፍጥነት «በቀስታ የተጻፈ ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለውን ምክር ሙሉ በሙሉ አንቀበለውም። የዲስኩ ቀለም የተቀመመው ለተወሰነ የፍጥነት ክልል ነው፤ ለከፍተኛ ፍጥነት በተዘጋጀ ዲስክ ላይ እጅግ ቀስ ብሎ መጻፍም ጥራትን ሊያጓድል ይችላል። እኛ መካከለኛውን እንመርጣለን። ይልቁንስ ብዙዎቻችን ጊዜ ለመቆጠብ የምናጠፋውን የማረጋገጫ ምርጫ፣ ማለትም የተጻፈውን ከዋናው ጋር የሚያስተያየውን ሥራ፣ በፍጹም ባንዘለው ይሻላል። የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ማረጋገጫውም ቢሆን በዚያው መጻፊያ ብቻ መቅረት የለበትም። ዲስኮች ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰሎሞን እ.ኤ.አ. በ1960 ባቀረቡት የሒሳብ ስልት ላይ በተመሠረተ የስሕተት ማረሚያ ይታገዛሉ። በሲዲ ላይ ይህ ስልት በመስመሩ 2.5 ሚሊሜትር ያህል የጠፋ መረጃ እንኳ መልሶ ሊያሟላ ይችላል። ታላቅ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ሕመምን የሚደብቅ ጥበብ ነው። ሊያልቅለት የተቃረበ ዲስክ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ደኅና መስሎ ይነበባል። በሌላ ድራይቭ መሞከር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ወደ ወዳጃችን ዲስክ እንመለስ። በተጻፈበት ኮምፒዩተር መልሰን ብናስገባው ፋይሎቹ አንድ ሳይጎድሉ ታዩ። ለካ ሲጽፍ በኋላ ሌላ ፋይል ለመጨመር በማሰብ ዲስኩን ሳይዘጋው ኖሯል። ያልተዘጋን ዲስክ የጻፈው ድራይቭ ሲያነበው ሌሎች ግን ባዶ ነው ሊሉት ይችላሉ። በዚያው ፕሮግራም እንዲዘጋ ብናዘው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሌላውም ኮምፒዩተር ተከፈተ።

ይህ ካለፈ በኋላ እኛም የራሳችንን አሮጌ ዲስኮች ከካርቶን አወጣን። ከእነዚህ አንዱ የቤተሰብ ሠርግ ያለበት ሲዲ በስክሪፕቶ ርእስ ተጽፎበታል። የሲዲ መረጃ ያለው ከጽሑፉ በታች ባለ ስስ ቫርኒሽ ሥር መሆኑን ያኔ አናውቅም ነበር፤ በዲቪዲ ቢሆን በሁለት የፕላስቲክ ንጣፎች መካከል ስለሚገኝ ይሻል ነበር። ለስላሳ ጨርቅ ይዘን ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ጠረግነው። ዙሪያውን መጥረግ መስመሩን ተከትሎ ይጭራልና ማረሚያውን ያሸንፈዋል። በመጀመሪያው ድራይቭ አልተነበበም፣ በሁለተኛው ግማሹ ተነበበ፣ ከጎረቤት በተዋስነው አሮጌ ሦስተኛ ድራይቭ ከሦስት ፎቶግራፎች በቀር ሁሉም ወጣ። የወጣውን በሁለት ሃርድ ዲስኮች ላይ ገልብጠን አስቀመጥን። ሦስቱ ፎቶግራፎች በስክሪፕቶው መስመር ሥር ናቸው።