ጥላም በትኬት ይሁን?

«ዋጃን ለምታህል ከተማ የሕዝብ መናፈሻ ምን ይሠራላታል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። መጀመሪያ ውኃ፣ መጀመሪያ መብራት፣ መጀመሪያ ቤት ይሉናል። ሲሰሙት ማለፊያ ነው። እኔ በበኩሌ ግን አንድ ነገር ልጠይቃቸው እወዳለሁ። ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ አስፋልት ዳር የተቀመጠች የራያ ቆላ ከተማ ናት። ሐሩሩን የቀመሰ ያውቀዋል። ታዲያ መኪና የሚጠብቀው መንገደኛ፣ ደብተሩን የያዘው ተማሪ፣ ከቤት ወጣ ብለው መተንፈስ የሚሹት አዛውንት፣ የሻይ መግዣ ከሌላቸው የት ይጠለሉ? ለቆላ ሰው ጥላ ከውኃ ቀጥሎ የሚቆጠር ነገር ነው።

መናፈሻ የፈረንጅ አገር ዕቃ ነው የሚለውም ክርክር አይዋጥልኝም። ለመሆኑ አድባር ምንድን ነው? አጥር የሌለው፣ ዘበኛ ያልቆመለት፣ ሆኖም ምሳር የማይደፍረው ዋርካ ወይም ሾላ አይደለም? ሽማግሌ ደም የሚያደርቀው፣ ዕድርተኛ የሚመክረው፣ እረኛ ቀትሩን የሚያሳልፈው ከዛፍ ሥር ነበር። የአገራችን መናፈሻ ፋና ወጊዎች እነዚያ ስማቸው ያልተጻፈ፣ ዛፉን የሁሉም ብለው የተዉ ሰዎች ናቸው። ከነገሥታቱም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ እንዳስተከሉ፣ የዛሬው የመናገሻ ሱባ ደን መነሻም ይኸው እንደሆነ ይነገራል። ጽድ ለማደግ አይቸኩልም፤ ለራሱ ጥላ ብሎ የሚተክለው የለም።

እንግዲህ ከአበው ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት አደረገው። አዲስ አበባ ውስጥ ያን ቀን በስሙ የተሸከመ መናፈሻ አለ። የአዋጁን ክፉና ደግ ሌላ ጊዜ እንነጋገርበት፤ ቦታው ከግለሰብ እጅ ከወጣ ግን ሕዝቡ ሳይከፍል የሚቀመጥበት አንድ ጥግ ቢጠይቅ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? በመስከረም 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተከፈተ። ማማሩ አይካድም፤ የተከፈተው ግን በመግቢያ ክፍያ ነው። የእኔ ሥጋት መናፈሻ ሲባል በር፣ ፏፏቴና ትኬት ብቻ የሚታየው የትንሽ ከተማ ሹም «በጀት የለኝም» ብሎ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ ነው።

«መሬት ገንዘብ ነው፤ ለዛፍ አናባክነውም» ለሚሉትም መልስ አለ። እንግሊዝ አገር በርከንሄድ የምትባል ከተማ ረግረጋማ መሬት ገዛች፤ መካከሉን ለመናፈሻ ከልላ ዙሪያውን ለቤት ሠሪ ሸጠች፤ ሽያጩ ወጪውን እንዲደጉም ነበር። መናፈሻው እ.ኤ.አ. በ1847 ለሁሉም በነጻ ተከፈተ። ኋላ የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ ኦልምስቴድ፣ በ1850 ጎብኝቶት ተደንቋል። መሬትን ገንዘብ ያደረገው እንግዲህ ያው ዛፍ ነው!

የእኛም አገር የከተማ ፕላን መርሕ ከመቶ 30ው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30ው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40ው ለግንባታ ይሁን ይላል። ወረቀቱ አለ፤ የጎደለው ችካል ነው። ቦታ በካሬ ተሸንሽኖ ካለቀ በኋላ ቤት አፍርሶ፣ ካሣ ከፍሎ መናፈሻ የሚያወጣ ማዘጋጃ ቤት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ከሽንሸናው በፊት አንድ ሰፊ ቦታ ይከለል። በፕላኑ ላይ የጋራ ተብሎ ይመዝገብ። ዋርካ፣ ሾላ፣ ቁርቁራ ይተከልበት፤ ሥር እስኪይዝ ተማሪውና ዕድርተኛው በተራ ውኃ ያጠጣው። በር አይሠራለት፤ ትኬትም አይቆረጥበት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በተመላለሰበት በዚህ መንገድ ዳር፣ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚነጋገርበት ጥላ ያስፈልጋል።

«ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» ይላል ያገሬ ሰው። ችካሉ ዛሬ ካልተመታ የልጅ ልጆቻችን ከእምቧጮ ሥር ይሰለፋሉ፤ ያውም ትኬት ቆርጠው።